የፒያኖ አጃቢነት ሙያ፤ በሃንክ ጆንስ የሥራ ዘመን እንደ ታየ

1. መግቢያ

«አጃቢ» የሚለው ቃል በቋንቋችን በሁለት አኳኋን ይነገራል። አንደኛው፣ አንድ ትልቅ ሰው ወደ አንድ ስፍራ ሲሄድ ከፊትና ከኋላ ሆኖ የሚከተለውን ሰው ያመለክታል፤ ሁለተኛው፣ ዘፋኝ ሲዘፍን በመሣሪያ ድምፅ የሚረዳውን ሙዚቀኛ ያመለክታል። በሁለቱም አነጋገር አጃቢው የሚታሰበው በሌላው ሰው ምክንያት ነው እንጂ ስለ ራሱ አይደለም። በሰርግ ቀን የሙሽራው ስም ሲነሣ የሚዜው ስም እንደሚረሳ ሁሉ፣ ዘፈኑም ካለቀ በኋላ የሚመሰገነው ዘፋኙ ሲሆን መሣሪያውን የመታው ሰው ማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም።

በአገራችን አዝማሪ ዘንድ ይህ የሥራ መከፋፈል ጎልቶ አይታይም። አዝማሪው ማሲንቆውን ራሱ እየመታ ራሱ ስለሚዘፍን ድምፁና መሣሪያው የአንድ ሰው ሥራ ናቸው፤ ሚስቱ ስትዘፍን እርሱ ማሲንቆ የሚመታ በሆነ ጊዜም ገቢው ወደ አንድ ቤት ይገባል። ጃዝ በሚባለው በጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ውስጥ ግን ማጀብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖአል። የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ደመወዝ፣ የራሱ የሥራ ቦታና የራሱ የክብር ደረጃ አለው። ስለዚህ ሙያ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አጃቢ ዋና ተጫዋች ለመሆን ያልቻለ ሰው ነውን? ወይስ የሚያውቀው ነገር ዋናው ተጫዋች ከሚያውቀው የተለየ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአንድ ሰው ኑሮ መርምሮ ለመመለስ ነው።

ከሙያው ሰዎች መካከል ሃንክ ጆንስን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሰው በሃያኛው ምዕተ ዓመት አንድ አሜሪካዊ ፒያኖ መቺ እንጀራውን ሊያገኝባቸው በሚችልባቸው ስፍራዎች ሁሉ ሠርቶአል፤ በዳንስ ባንድ፣ በሌሊት ክበብ፣ ከዘፋኝ ጋር በሚደረግ ጉዞ፣ በሸክላ መቅረጫ ክፍል፣ በቴሌቪዥን ጣቢያ፣ በቴአትር ቤትና በኮንሰርት አዳራሽ። ስለዚህ የእርሱን የሥራ ዘመን መከተል የሙያውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር እንደ መሄድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

2. ትውልድና አስተዳደግ

ሃንክ ጆንስ፣ በሙሉ ስሙ ሄንሪ ጆንስ፣ ሐምሌ 31 ቀን 1918 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ግዛት በቪክስበርግ ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡም ገና ልጅ ሳለ ወደ ሰሜን ተጉዞ በሚሺጋን ግዛት በፖንቲያክ ከተማ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ከደቡብ ግዛቶች ጭቈናና ድኽነት ሸሽተው ፋብሪካ ወደሚገኝባቸው ወደ ሰሜን ከተሞች የሚሄዱት ጥቁሮች እጅግ ብዙ ነበሩ። ፖንቲያክ ለታላቋ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ለዴትሮይት ቅርብ ናት። በእነዚህ ከተሞች ደኅና ደመወዝ የሚያገኝ የጥቁር ሠራተኛ ቤተ ሰብ ፒያኖ ለመግዛትና ልጆቹን ለማስተማር ይችል ነበር፤ ከዚህ አካባቢ ብዙ ታላላቅ ፒያኖ መቾች የወጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አባቱ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበሩ። ጃዝንም የሰይጣን ሙዚቃ ነው ብለው ይጠሉት ስለ ነበር ልጃቸው በዚያ እንጀራ እንዲበላ አልወደዱም። ነገር ግን መዝሙር በቤት ውስጥ ይዘመር ነበር፤ ታላላቅ እኅቶቹም ፒያኖ ያጠኑ ነበር። ስለዚህ ልጁ ሁለት ነገር ባንድነት ወረሰ፤ አንደኛው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚታጀብበትን ሥርዓት፣ ሁለተኛው በአስተማሪ ፊት የሚጠናውን የጽሑፍ ሙዚቃ። ከዚህም በላይ በራዲዮና በሸክላ የሚሰማቸውን ታላላቅ ፒያኖ መቾች፣ ኧርል ሃይንስን፣ ፋትስ ዎለርን፣ ቴዲ ዊልሰንንና አርት ቴተምን እንደ መምህራን ቈጠራቸው።

የዚህ ቤተ ሰብ ነገር ለማኅበረ ሰብ ጥናት ሊጠቅም የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ ቤት ሦስት የታወቁ ሙዚቀኞች ወጥተዋል። በ1923 የተወለደው ታድ ጆንስ ትራምፔት ነፊና የሙዚቃ ደራሲ ሆነ። በ1927 የተወለደው ኤልቪን ጆንስ በድራም መቺነቱ በዓለም የታወቀ ሆኖ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከጆን ኮልትሬን ጋር ሠራ። ሦስቱም ወንድማማቾች አንድ ቤት አድገው ሳለ ጠባያቸው በሙዚቃ ፊት የተለያየ ነበር። ኤልቪን ኃይለኛና እንደ ነጐድጓድ የሚሰማ፣ ታድ ለብዙ መሣሪያዎች የሚጽፍ ሲሆን፣ ሃንክ ግን ለስላሳ፣ ጥንቁቅና የሌላውን ድምፅ የሚያዳምጥ ነበር።

ሃንክ ገና በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ በሚሺጋንና በአጠገቡ ባለው በኦሃዮ ግዛት በሚዞሩ ባንዶች ውስጥ መጫወት ጀመረ። እነዚህ ባንዶች እንደ ትምህርት ቤት ነበሩ። ወጣቱ የዳንስ ምት ማጽናትን፣ በየቀኑ አዲስ የሙዚቃ ጽሑፍ አይቶ ወዲያው መጫወትን፣ ከዚህም ሌላ የተበላሸ ፒያኖ ታግሦ መምታትን የሚማረው በእነርሱ ነው። ትራምፔት ነፊ መሣሪያውን ይዞት ይዞራል፤ ፒያኖ መቺ ግን በደረሰበት ከተማ የሚያገኘውን ፒያኖ ከመምታት በቀር ምርጫ የለውም። ቅኝቱ የወደቀም ቢሆን፣ ከቁልፎቹ ጥቂቶቹ ድምፅ የማይሰጡም ቢሆኑ፣ በዚያው ሌሊቱን ማሳለፍ ግዴታው ነው።

3. ወደ ኒው ዮርክ መግባቱ

በ1944 ሳክስፎን ነፊው ላኪ ቶምሰን ሃንክ ጆንስን ወደ ኒው ዮርክ እንዲመጣ ጋበዘው፤ በዚያም ኦኒክስ በተባለው ክበብ ከትራምፔት ነፊው ከሃት ሊፕስ ፔጅ ጋር ሥራ አገኘ። ይህ ጊዜ በጃዝ ታሪክ ውስጥ የለውጥ ጊዜ ነበር። ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊለስፒ የሚመሩት ቢቦፕ የተባለው አዲስ አጫዋወት፣ ምቱ የፈጠነ፣ የድምፅ አደራረቡም የረቀቀ ነበር። ከቀደሙት ብዙዎች አዲሱን ነቀፉት፤ ከወጣቶቹም ብዙዎች አሮጌውን ናቁት። ሃንክ ጆንስ ግን ከቴዲ ዊልሰን የተማረውን ጥራት ሳይጥል አዲሱን አጫዋወት ጨመረበት እንጂ አንዱን ለሌላው አልለወጠም። ስለዚህም ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲጠራ ከሽማግሌዎቹ፣ ከወጣቶቹ ጋር ሲጠራ ከወጣቶቹ ጋር ለመሥራት ቻለ። በእነዚያ ዓመታት ከኮልማን ሆኪንስ፣ ከአንዲ ከርክና ከቢሊ ኤክስታይን ጋር የሠራ ሲሆን ከቻርሊ ፓርከርም ጋር ሸክላ አስቀርጾአል።

ስለ ሥራው ሁኔታ ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። በኒው ዮርክ አንድ ሙዚቀኛ ለመሥራት የሙዚቀኞች ማኅበር አባል መሆን ነበረበት፤ ማኅበሩም ዝቅተኛውን ደመወዝ ይወስናል። ከዚህ በቀር መጠጥ በሚሸጥበት ክበብ ውስጥ ለሚሠራ ሁሉ ፖሊስ የሚሰጠው የፈቃድ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ሕግ እስከ 1967 ጸንቶ ቈይቶአል። ቢሊ ሆሊደይና ቴሎኒየስ መንክ ይህን ወረቀት ተነጥቀው በከተማይቱ ክበቦች ለዓመታት እንዳይሠሩ ተከልክለዋል። እንዲህ ባለው ኑሮ ውስጥ በሰዓቱ መገኘት፣ ልብስን አሳምሮ መልበስ፣ ከመጠጥና ከሱስ መራቅ የጠባይ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ጥያቄ ነበር። ሃንክ ጆንስ በዚህ የታወቀ ሰው ነበር።

4. የአጃቢው ሥራ ምን እንደ ሆነ

በ1947 ኖርማን ግራንዝ የተባለው አዘጋጅ በየከተማው በሚያዞረው «ጃዝ አት ዘ ፊልሃርሞኒክ» በተባለው የኮንሰርት ጉዞ ውስጥ ሃንክ ጆንስ ገባ። ግራንዝ ጥቁርና ነጭ ተመልካቾች ተለያይተው የሚቀመጡበትን አዳራሽ የማይቀበል ሰው ስለ ነበር ጉዞው ከሙዚቃው በላይ የሆነ ትርጉም ነበረው። ከዚህም ቀጥሎ ከ1948 እስከ 1953 ድረስ ሃንክ ጆንስ የታላቋ ዘፋኝ የኤላ ፊትዝጀራልድ አጃቢ ሆነ። የአጃቢነትን ሥራ በዝርዝር ለመግለጥ የተመቸው ይህ ዘመን ነው። ሥራውም በአምስት ሊከፈል ይችላል።

ሀ) የዜማውን መነሻ መወሰን። አንድ ዘፈን ሲደረስ ከአንድ የተወሰነ ድምፅ ተነሥቶ ነው፤ የዘፋኞች ጉሮሮ ግን የተለያየ ነው። ለአንዷ የሚመቸው ከፍታ ለሌላይቱ ያስጨንቃል። ስለዚህ አጃቢው የተጻፈውን ዜማ ከዐሥራ ሁለቱ ድምፆች ወደሚፈለገው መነሻ ወዲያው ማዛወር አለበት። ዘፋኝዋ በመድረክ ላይ ቆማ «ዛሬ ድምፄ ከብዶኛል፣ ዝቅ አድርገው» ባለች ጊዜ ወረቀት ለመጻፍ ጊዜ የለም፤ ጣቶቹ በሁሉም መነሻ ላይ እኩል የለመዱ መሆን አለባቸው።

ለ) መግቢያውን መሥራት። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት አጃቢው ብዙ ጊዜ አራት ባር ያህል ብቻውን ይመታል፤ ባር ማለት በጃዝ ዘወትር አራት ምት የሚይዝ የሙዚቃ ስፍር ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገር ይነግራታል፤ ዘፈኑ የሚሄድበትን ፍጥነት፣ የሚነሣበትን ድምፅና የሚኖረውን መንፈስ። የመጀመሪያውን ድምፅ ግን እንደ ደወል ደጋግሞ ቢመታላት ለአድማጭ ነውር ይሆናል። ጥሩ አጃቢ ድምፁን በዜማ ውስጥ ሸሽጎ ይሰጣታል፤ እርስዋ ታገኘዋለች፣ አድማጩ ግን የተሰጣት መሆኑን አያውቅም።

ሐ) በዘፈኑ ውስጥ መደገፍ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዘፈኖች ሠላሳ ሁለት ባር ኖሮአቸው በስምንት ስምንት የተከፈሉ ናቸው። በእያንዳንዱ ስፍራ ከዜማው በታች በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች አሉ፤ እነዚህም ኮርድ ይባላሉ። አጃቢው ኮርዱን መቼ እንደሚመታ፣ ስንት ድምፅ እንደሚጨምርበት፣ በየትኛው የፒያኖ ክፍል እንደሚያስቀምጠው የሚወስነው በዚያው ቅጽበት ነው። የባሱ ተጫዋች የታችኛውን ድምፅ ስለሚይዝ የፒያኖው ግራ እጅ ወደዚያ ከወረደ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ቀኝ እጁ ደግሞ ወደ ዘፋኝዋ ድምፅ ከፍታ ከወጣ ድምፅዋን ይሸፍናል። ስለዚህ አጃቢው የሚኖረው በመካከል ባለች ጠባብ ስፍራ ነው። በዚያች ስፍራ ሐሳብ መፍጠር መቻል የሙያው ዋና ምሥጢር ነው።

መ) ዝም ማለት። ዘፋኝ ስትዘፍን ቃሏን እየተከተለ የሚመታ አጃቢ ያደናግራታል፤ የሚመልሰው እርስዋ ትንፋሽ በምትስብበት ጊዜ ነው። ይህም የትንፋሽ ልማድዋን፣ የቃሉን ትርጉምና የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ማወቅ ይጠይቃል። ኤላ ፊትዝጀራልድ ደግሞ ቃል የሌለው ድምፅ እያወጣች እንደ መሣሪያ በቅጽበት ዜማ የምትፈጥር ስለ ነበረች፣ አጃቢዋ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የሚረዳው ጆሮው ብቻ ነበር።

ሠ) ስሕተትን መሸፈን። ዘፋኝ አንድ ባር ቀድማ ብትገባ ወይም ቃል ብትረሳ፣ አጃቢው ያን ባር ዘሎ ከእርስዋ ጋር መገናኘት አለበት። አድማጭ ስሕተቱን ካወቀው የሚያፍረው አጃቢው ነው፤ ካላወቀው ግን የሚመሰገን ማንም የለም። የሙያው ጠባይ በዚህ ይታወቃል፤ ከሁሉ የበለጠ ችሎታ የታየበት ሥራ ማንም ያላየው ሥራ ነው።

በዚህ አምስት ዓመት ሃንክ ጆንስ ያገኘው ዕውቀት ከዘፋኝ ጋር በመሥራት ብቻ የሚገኝ ነው። የእርሱን ቦታ በኋላ ከያዙት መካከል ከዚያው ከዴትሮይት የወጣው ቶሚ ፍላናጋን አንዱ ነው። እርሱም በ1930 ተወልዶ፣ ከ1963 እስከ 1965 በኋላም ከ1968 እስከ 1978 ኤላን አጅቦአል። በ1978 ሁለቱ ሰዎች በሁለት ፒያኖ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሸክላ አስቀረጹ። ሁለት አጃቢዎች እርስ በርሳቸው ሲተጃጀቡ የሚሰማበት ይህ ሸክላ ለተማሪ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ቦታ ይለቃል እንጂ ሲሽቀዳደሙ አይሰሙም።

5. በሸክላ ክፍልና በቴሌቪዥን ጣቢያ

ከ1953 በኋላ ሃንክ ጆንስ አብዛኛውን ጊዜ በኒው ዮርክ ተቀምጦ በሸክላ መቅረጫ ክፍሎች ሠራ። የዚህ ሥራ ኤኮኖሚ ሊታወቅ ይገባዋል። ስሙ በሸክላው ፊት ላይ ያልተጻፈ ሙዚቀኛ የሚከፈለው ማኅበሩ በወሰነው ዋጋ ለሠራበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሸክላው ከዚያ በኋላ አንድ ሺህም ይሸጥ አንድ ሚሊዮን፣ ከሽያጩ የሚደርሰው ድርሻ አልነበረም። መጋቢት 9 ቀን 1958 በካነንቦል አደርሊ ስም የተቀረጸው «ሰምቲንግ ኤልስ» የተባለው ሸክላ እስከ ዛሬ የሚሸጥና የሚደመጥ ሥራ ነው። ትራምፔቱን ማይልስ ዴቪስ፣ ባሱን ሳም ጆንስ፣ ድራሙን አርት ብሌኪ፣ ፒያኖውን ሃንክ ጆንስ መትተዋል። ሸክላውን የሚያውቁ ሰዎች ስለ ሁለቱ ነፊዎች ሲያወሩ ይሰማሉ፤ ፒያኖውን ግን ካልተጠየቁ አያነሡትም።

በ1959 ሃንክ ጆንስ በሲ.ቢ.ኤስ. የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት በቋሚ ሙዚቀኛነት ተቀጠረ፤ በዚያም እስከ 1975 ገደማ ቈየ። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ጣቢያዎች የራሳቸው ቋሚ ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ በእነዚህ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ጥቁር ሙዚቀኛ ጥቂት ስለ ነበረ መቀጠሩ ከግል ጥቅሙ በላይ የሚቈጠር ነው። ሥራው በሳምንቱ የታወቀ ደመወዝ የሚያስገኝ ሲሆን የሚጠይቀው ግን ሌላ ዓይነት ችሎታ ነበር። በኤድ ሰሊቫን የእሑድ ሌሊት ትርኢት ዘፋኝ፣ ዳንሰኛ፣ ቀልደኛና የእንስሳ አሠልጣኝ በተራ ይቀርባሉ፤ ፒያኖ መቺው ለሁሉም የሚስማማውን፣ ያላየውን ጽሑፍ በመጀመሪያ ንባብ ያለ ስሕተት መምታት አለበት።

ይህን የሥራ ዘመን ብዙ የጃዝ ጸሐፊዎች በሐዘን ያዩታል፤ ታላቅ ሙዚቀኛ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል በደመወዝ ታሰረ ይላሉ። በእርግጥ ጉዳት አልነበረበትም ለማለት አይቻልም፤ በእነዚያ ዓመታት በራሱ ስም ያስቀረጸው ሸክላ ጥቂት ሲሆን ስሙም ከወንድሞቹ ስም በታች ሆኖ ቈየ። ነገር ግን ሌላውን ወገን መመልከት ተገቢ ነው። በ1960ዎቹ የወጣቶች ሙዚቃ ሮክ ሆኖ የጃዝ ክበቦች በተዘጉ ጊዜ ብዙ እኩዮቹ ሥራ አጥተው ወደ አውሮፓ ሲሰደዱ ወይም ሙያቸውን ሲለቁ፣ እርሱ ቤተ ሰቡን እያስተዳደረ ጣቶቹን አላስፈታም። በ1966 ታድ ጆንስ ከድራም መቺው ከሜል ሉዊስ ጋር ትልቅ ኦርኬስትራ አቋቁሞ ሰኞ ሰኞ ሌሊት ቪሌጅ ቫንጋርድ በተባለው ክበብ መጫወት ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ፒያኖ መቺ ሃንክ ነበር። ደመወዝ የሚያገኘው በቀን ሥራው ሲሆን ልቡ የሚወደውን የሚሠራው በሌሊት ነበር ማለት ነው።

በዚህ ዘመን ያጋጠመው አንድ ነገር የአጃቢን ዕድል ከማናቸውም ትንታኔ ይልቅ ያስረዳል። ግንቦት 19 ቀን 1962 በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ለፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የልደት በዓል ተደርጎ ነበር። በዚያ ሌሊት የፊልም ተዋናይዋ ማሪሊን ሞንሮ የልደት መዝሙር ዘመረችላቸው፤ ይህም ትርኢት በፊልም ተቀርጾ በዓለም ሁሉ ታውቆአል። በፒያኖ ያጀባት ሃንክ ጆንስ ነበር። ሃንክ በሸመገለ ጊዜ ስለዚህ ሲያወራ፣ የዘፈነችው በጠቅላላው ዐሥራ ስድስት ባር ሲሆን ለዚሁ ስምንት ሰዓት ልምምድ እንዳደረጉ፣ ለእያንዳንዱ ባር ግማሽ ሰዓት እንደ ደረሰው እየሣቀ ተናግሮአል። ዐሥራ ስድስት ባር በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት እንዳይወድቅ የሚደረገው ድካም ይህን ያህል ነው፤ ፊልሙን ያየ ሕዝብ ግን ፒያኖ መኖሩን እንኳ አያስተውልም።

6. የኋለኛው ዘመን

የቴሌቪዥኑ ሥራ ባበቃ ጊዜ ሃንክ ጆንስ ወደ ስድሳ ዓመት ይጠጋ ነበር። በብዙ ሙያ ይህ ዕድሜ የማረፊያ ጊዜ ነው፤ ለእርሱ ግን በራሱ ስም የሚታወቅበት ዘመን መጀመሪያ ሆነ። በ1976 ከባስ ተጫዋቹ ከሮን ካርተርና ከድራም መቺው ከቶኒ ዊሊያምስ ጋር «ዘ ግሬት ጃዝ ትሪዮ» የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ሁለቱ ሰዎች ከእርሱ እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያላቸውና በ1960ዎቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር አዲስ መንገድ የከፈቱ ነበሩ። ሸክላቸውን ያሳተመው የጃፓን ድርጅት ሲሆን፣ የጃፓን አድማጮችም ሃንክ ጆንስን እስከ መጨረሻው አክብረውታል። በዚሁ ጊዜ አካባቢ በብሮድዌይ በፋትስ ዎለር ዜማዎች በተዘጋጀው «ኤይንት ሚስቢሄቪን» በተባለው ትርኢት ፒያኖ መቺና መሪ ሆኖ ሠራ። በልጅነቱ በሸክላ የሰማውን መምህሩን በስድሳ ዓመቱ በየሌሊቱ ለሕዝብ አሰማ።

ለአገር ባህል ተመራማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅሙት በ1995 የወጡት ሁለት ሥራዎቹ ናቸው። አንደኛው «ሳራላ» የተባለው ከማሊው ሙዚቀኛ ከሼክ ቲዲያን ሴክና ከማንዴ ተጫዋቾች ጋር የሠራው ነው። በማንዴ ሕዝብ ዘንድ ጄሊ የሚባሉ፣ ሙያውን ከአባት የሚወርሱ የዘፈንና የታሪክ ባለ ሙያዎች አሉ፤ በዚያም አገር ዘፋኙን በመሣሪያ የሚደግፈው ሰው ቦታ በልማድ የታወቀ ነው። በዚህ ሸክላ ላይ ሃንክ ጆንስ ያደረገው ነገር ሊስተዋል ይገባዋል። የአፍሪካውን ዜማ ወደ አሜሪካ ኮርድ ሊጐትተው አልሞከረም። ተደጋግሞ የሚመጣውን የማንዴ ምት አድምጦ፣ ባዶ ስፍራ ባገኘበት ጥቂት ድምፅ እያስገባ ሄደ። ይህም ከኤላ ፊትዝጀራልድ ጋር ሲሠራ ያደረገው ነው። በሰባ ስድስት ዓመቱ ገደማ በማያውቀው ሙዚቃ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤቶቹን ሳያስቸግር የወጣው በአጃቢነት ትምህርት ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

ሁለተኛው ከባስ ተጫዋቹ ከቻርሊ ሄደን ጋር ብቻ ሆኖ የሠራው «ስቲል አዌይ» የተባለው ነው። በውስጡ ያሉት የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙሮችና የሕዝብ ዜማዎች ናቸው። አባቱ ጃዝን እየነቀፉ በቤታቸው የፈቀዱት ሙዚቃ ይኸው ነበር። ሃንክ ጆንስ እነዚህን መዝሙሮች ያለ ብዙ ጌጥ፣ ዜማው እንዲሰማ አድርጎ ይመታቸዋል። ዘፋኝ የለም፤ ነገር ግን አመታቱ የሚዘምር ሕዝብ ከፊቱ እንዳለ ሆኖ ነው።

ክብር የመጣለት ዘግይቶ ነው። በ1989 የአሜሪካ መንግሥት የኪነ ጥበብ ድርጅት «የጃዝ ሊቅ» የሚለውን ማዕርግ ሰጠው፤ በ2008 ደግሞ የአገሪቱን የኪነ ጥበብ ሜዳይ ተቀበለ። በሰማንያ ዓመቱ ማግሥትም ከሳክስፎን ነፊው ከጆ ሎቫኖና ከዘፋኝዋ ከሮበርታ ጋምባሪኒ ጋር ሠርቶአል። ወንድሞቹ፣ ታድ በ1986፣ ኤልቪን በ2004፣ ከእርሱ ቀድመው ሞተዋል። እርሱ ግን በየካቲት 2010 እንደ ገና ከቻርሊ ሄደን ጋር ተቀምጦ ሌላ የመዝሙር ሸክላ አስቀረጸ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 16 ቀን 2010፣ በዘጠና አንድ ዓመቱ በኒው ዮርክ ዐረፈ።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተነገረው ሦስት ነገር ለመረዳት ይቻላል። መጀመሪያ፣ አጃቢነት የዋናው ተጫዋችነት ጉድለት አይደለም፤ ማዳመጥን፣ ማዛወርን፣ ባዶ ስፍራን መጠበቅንና ስሕተትን መሸፈንን የያዘ የተለየ ዕውቀት ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ዕውቀት የሚጸናው የሚደግፈው የኑሮ ሥርዓት ሲኖር ነው። የዳንስ ባንዶች፣ የክበቦች፣ የሸክላ ክፍሎችና የቴሌቪዥን ኦርኬስትራዎች በየተራ ተነሥተው በየተራ ጠፍተዋል፤ ሃንክ ጆንስ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የቻለው ጽሑፍ በማንበቡ፣ በጠባዩና ማናቸውንም ዓይነት ሙዚቃ ባለመናቁ ነው። ዛሬ ግን በዚያ ሁሉ መንገድ ለመሄድ የሚፈልግ ወጣት ቢኖር ከመንገዶቹ አብዛኞቹን ተዘግተው ያገኛቸዋል። ሦስተኛ፣ የሙያው ሰው ስም የሚጠፋው በሥራው ማነስ ሳይሆን በመዝጋቢው ልማድ ነው።

ይህ ሦስተኛው ነገር እኛንም ይነካናል። የአገር ዘፈን ለመሰብሰብ ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የዘፋኙን ስም፣ ግጥሙንና ዜማውን መዝግቦ ይመለሳል፤ ማሲንቆ የመታው ወይም ከበሮ የያዘው ሌላ ሰው ከሆነ ግን «በማሲንቆ ታጅቦ» ብሎ ያልፈዋል። ያ ሰው ከማን ተማረ? ስንት ይከፈለዋል? ዘፋኙ ሲሳሳት ምን ያደርጋል? ዜማውን ለዘፋኙ ጉሮሮ የሚያስማማው እንዴት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በሕይወት ሳለ ካልጠየቅነው መልሱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ሃንክ ጆንስ ዘጠና አንድ ዓመት ስለ ኖረ፣ ጠያቂዎችም በመጨረሻ ስለ መጡ፣ ዐሥራ ስድስት ባር ስንት ሰዓት እንደ ፈጀ ልናውቅ ችለናል። ስለዚህ በመዝገባችን ላይ ከዘፋኙ ስም አጠገብ የአጃቢው ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር እንዲጨመር ይገባል።